ረቂቁን አምጡልኝ፦ የሕክምና ምርምር አማካሪን እንዴት መመዘን ይቻላል?

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ «የምርምር አማካሪዎቻችን እንዴት እንደሚሠሩ የሚያሳይ ግምገማ አዘጋጂ» ሲሉኝ የሁለት ሳምንት ሥራ መስሎኝ ነበር። የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ ሕመምተኛ ከማየትና ከማስተማር ጎን ለጎን የሬዚደንቶችን፣ ማለትም ስፔሻሊቲ የሚማሩ ሐኪሞችን፣ የመመረቂያ ጥናት አስተባብራለሁ። አሥር ጥያቄ ያለው ቅጽ አወጣሁ። ከ«በጣም ዝቅተኛ» እስከ «እጅግ በጣም ጥሩ» አምስት ደረጃ ሰጠሁት። ስም እንዳይጻፍበት አሳስቤ አደልኩት። በሦስተኛው ቀን 22 ቅጽ ተመለሰልኝ። 21ዱ ከላይ እስከ ታች «እጅግ በጣም ጥሩ» ይላሉ። አንዱ ብቻ «አማካሪዬ ረቂቄን በጊዜው ይመልሳሉ» በሚለው ጥያቄ ላይ «ዝቅተኛ» የሚለውን አክብቧል፤ ያከበበው ደግሞ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነው። በክፍላችን በአረንጓዴ እስክሪብቶ የሚጽፍ አንድ ሬዚደንት ብቻ አለ። የሕመምተኛ ካርድ ላይ ሲጽፍ ያላየው ሲኒየር ሐኪም የለም።

ያንን ቅጽ ከሌሎቹ ለይቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እስከ ዛሬ ቤቴ ነው።

21ዱ ዋሹ አልልም። አማካሪው ማለት ጠዋት ራውንድ (የሕመምተኞች ጉብኝት) ላይ የሚጠይቃቸው፣ የመጨረሻው ፈተና ላይ ከፈታኞቹ አንዱ ሆኖ የሚቀመጥ፣ ነገ ለሥራም ሆነ ለተጨማሪ ስፔሻሊቲ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ሰው ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል እየሰማ ያደገን ወጣት ሐኪም «አማካሪህን ከአምስት ስንት ትሰጣቸዋለህ?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ መጻፍ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የጠየቅሁት የተሳሳተ ጥያቄ ነው፣ ያውም በተሳሳተ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ተመሳሳይ ኃላፊነት ለተጣለባችሁ የድኅረ ምረቃ አስተባባሪዎች፣ እንዲሁም አማካሪ ከመምረጣችሁ በፊት ማጣራት ለምትፈልጉ ሬዚደንቶች፣ የሠራልኝን እነግራችኋለሁ።

ከቅጹ በፊት

ውጤቱ ማን እጅ እንደሚገባ አስቀድማችሁ ወስኑ። ግምገማ የሚፈለገው ወይ አማካሪው እንዲሻሻል ነው፣ ወይ ስለ አማካሪው እድገት እንዲወሰን ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ለመሥራት የሞከረ ሁለቱንም ያጣል። እድገት የሚወሰንበት መሆኑ ሲታወቅ ሬዚደንቱ ይፈራል፤ አማካሪውም ቅጹ ሊሞላ ሲል ለሁለት ሳምንት መልአክ ይሆናል። እኔ ኃላፊያችንን በጽሑፍ አስፈረምኳቸው፦ የእያንዳንዱ አማካሪ ውጤት ለራሱ ለአማካሪው ብቻ ይሰጣል፣ ለትምህርት ክፍሉ የሚቀርበው የሁሉም ድምር ነው። ለመፈረም ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ቀጥሎ የማወራው አንዱም አይሠራም ነበር።

ሁለተኛው ነገር፦ ዋርድ ላይ ጥሩ አስተማሪ መሆንና ጥሩ የምርምር አማካሪ መሆን የተለያየ ችሎታ ነው። ሬዚደንቶች ይህንን በጣም ያምታቱታል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንፋሽ ያጠረውን ሕፃን እንዴት እንደሚያረጋጋ ያስተማሩትን ሲኒየር በምርምርም «እጅግ በጣም ጥሩ» ይላቸዋል። ውለታ ነው፤ ይገባኛል፤ እኔም ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ስለዚህ «አማካሪህ ጥሩ ናቸው ወይ?» የሚል ጥያቄ አትጠይቁ። የምትጠይቁት ስለተደረገ ነገር ይሁን፤ ቀን፣ ቦታና ወረቀት ያለው ነገር።

ከመጠይቁ ምን ይወሰዳል

የተዘጋጀ መጠይቅ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ። በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ከዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመጣውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ነው። 26 ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል። ጥያቄዎቹ በስድስት ዘርፍ ይከፈላሉ፦ በግልጽ መነጋገር፣ ሁለቱም ወገን የሚጠብቀውን ማስማማት፣ ተማሪው ምን ያህል እንደገባው ማጣራት፣ የሰዎችን ልዩነት ማገናዘብ፣ ራስን ማስቻል፣ ሙያዊ እድገትን ማገዝ።

እንዳለ ገልብጣችሁ አትጠቀሙበት፤ ግን ሁለት ነገር ውሰዱለት። አንደኛው፣ ስለ አማካሪው ሥራ አማካሪው ራሱም ሬዚደንቱም መሙላታቸው ነው። ነጥቡ ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። የሚነግረኝ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው። «የሚጠበቅብንን አስቀድመን ተስማምተናል» በሚለው ላይ አማካሪው 6 ሰጥቶ ሬዚደንቱ 3 ከሰጠ ማን ልክ እንደሆነ መፍረድ አያስፈልገኝም፤ አለመስማማታቸው ራሱ ያልተስማሙ መሆናቸውን ነግሮኛል።

ሁለተኛው ልዩነትን የሚመለከተው ዘርፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲጻፍ የዚያ አገር ጉዳይ ታስቦ ነው፤ እኛ ጋ ሲመጣ ግን ባዶ አይሆንም። የአምስት ወር ሕፃን የምታጠባ ሬዚደንት የጥናት ቀጠሮዋ ሁልጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ከሆነ አማካሪዋ አላዩዋትም ማለት ነው። የክልል ጤና ቢሮ የላከውና ተመርቆ ወደዚያው የሚመለስ ሬዚደንት ደግሞ የሚያስፈልገው እዚያ ሆስፒታል ሄዶ የሚቀጥለው ዓይነት ርዕስ ነው፤ እኛ ጋ ብቻ ያለ መሣሪያ የሚፈልግ ርዕስ ከተሰጠው ምርምሩ በምረቃው ቀን ያበቃል። ጥያቄዎቹን በዚህ መልክ ጻፍኳቸው፤ የቃል በቃል ትርጉሙን ጣልኩት።

ይኸው መጠይቅ አማካሪዎችን ማሠልጠን ይጠቅም እንደሆነ ለመፈተሽም አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት በ16 ተቋማት ያሉ 283 የአማካሪና የተመካሪ ጥንዶችን በዕጣ ከፍሎ፣ ግማሾቹ አማካሪዎች የ8 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስዱ አደረገ። የሠለጠኑት ለራሳቸው የሰጡት ነጥብ ካልሠለጠኑት ይልቅ ጨመረ። ጥሩ ነው፤ ሥልጠና እንዲጀመር ስከራከር እጠቅሰዋለሁ። ነገር ግን ሰው ለራሱ የሰጠው ነጥብ መሆኑን አልረሳም። የራስ ነጥብ ምን ያህል እንደሚታመን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሱን አሁን እነግራችኋለሁ።

ረቂቁ ላይ ያለው ቀን

ከሁሉም በላይ የምተማመንበት መንገድ ይህ ነው። ሬዚደንቱን አስተያየት አልጠይቀውም። «ረቂቆችህን አምጣልኝ» እለዋለሁ። የፕሮፖዛሉን የመጀመሪያ ረቂቅ ከነእርማቱ፣ የመጨረሻውን ረቂቅ ከነእርማቱ፣ እንዲሁም የተላከበትንና የተመለሰበትን ቀን። ቀኑ በኢሜይል አለ፤ አለበለዚያ ቴሌግራም ላይ አለ። ታትሞ በእጅ የታረመ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ ሲኒየሮች ከፊርማቸው ሥር ቀን ይጽፋሉ፤ የካርድ ልማድ ነው።

ከዚያ ቁጠሩ። ሬዚደንቱ ከላከበት እስከተመለሰለት ድረስ ስንት ቀን? አማካዩን አትውሰዱ። ለምሳሌ አምስት ረቂቆች በ4፣ በ6፣ በ9፣ በ11 እና በ70 ቀን ቢመለሱ አማካዩ 20 ይሆናል፤ ሰውዬው ግን በተለምዶ 20 ቀን አይፈጅበትም። በቅደም ተከተል ደርድራችሁ መሐል ላይ የሚውለውን፣ ማለትም 9ኙን ውሰዱ። 70ውን ግን አትጣሉት፤ ለብቻው ጠይቁ። አማካሪዋ ወልዳ ሊሆን ይችላል፤ ረቂቁ ሌላ ኢሜይል ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ አኩርፈውም ሊሆን ይችላል። ሌላኛውንም አቅጣጫ ቁጠሩ፦ እርማቱ ከደረሰው በኋላ ሬዚደንቱ አስተካክሎ ለመመለስ ስንት ቀን ፈጀበት? አማካሪያቸው ዘገዩብን ከሚሉኝ መካከል እርማት ተቀብለው ሁለት ወር ያስቀመጡ አጋጥመውኛል። በእርግጥ ሁለት ወር ሙሉ ተረኛ ሆኖ የሚያድር ሰው መቼ ይጻፍ?

መጀመሪያ የቆጠርኩት የራሴን ነው። ከመቁጠሬ በፊት ማስታወሻዬ ላይ ግምቴን ጻፍኩ፦ «አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን»። መሐል ላይ የዋለው ቁጥር 41 ነበር። ሁለት ጊዜ ደግሜ ቆጠርኩት። የአረንጓዴው እስክሪብቶ ባለቤት አማካሪው ማን እንደሆነ እስካሁን አልነገርኳችሁም፤ እኔ ነበርኩ። ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ ስከተው ልጁን ከሐሜት ለማዳን ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። ከቆጠርኩ በኋላ ይህንን ምክንያት እንደ ድሮው ማመን አልቻልኩም።

ቀን ብቻውን ግን አይበቃም። በሁለት ቀን ተመልሶ ምንም ያልተነካ ረቂቅ አለ። ስለዚህ እርማቱን አንብቡ። እኔ ሦስት ቀለም ያለው ማድመቂያ እይዛለሁ፦ ቢጫው ለቋንቋና ለፊደል፣ ሰማያዊው ለቅርጽ ማለትም ለሠንጠረዥ፣ ለገጽ ቁጥርና ለዋቢ አጻጻፍ፣ ብርቱካናማው ጥናቱን ለሚመለከት ሐሳብ። ገጹ ሁሉ ቢጫ ከሆነ ሬዚደንቱ ያገኘው አራሚ ነው፤ አማካሪ ገና አላገኘም።

ብርቱካናማ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በአገራችን የሬዚደንት ጥናት ያነበበ ሁሉ 423 የምትባለውን የናሙና ቁጥር፣ ማለትም ስንት ሰው ይጠና የሚለውን መልስ፣ ያውቃታል። የሚጠናው ነገር ስርጭት 50 በመቶ ነው እንበል፣ እርግጠኝነቱ 95 በመቶ ይሁን፣ የስህተት ልኩ 5 በመቶ ይሁን ተብሎ ሲሰላ 384 ይመጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲታከልበት 422 ወይም 423። ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከርዕስ ርዕስ እየተገለበጠም ይዞራል። ሁለት ሬዚደንቶች በተለያየ ዓመት ይህችኑ ቁጥር ይዘው መጡ። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ከቁጥሯ ጎን በአማካሪው እጅ «ቀመሩ ይጠቀስ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛው ስለ ሕፃናት የኩላሊት ሕመም ነበር፤ አማካሪዋ ዳር ላይ የጻፈችው እንዲህ ይላል፦ «ባለፈው ዓመት በዚህ ሕመም ዋርዳችን የተኙ ልጆች ስንት ናቸው? ካርድ ክፍል ወርደህ መዝገቡን ቁጠርና ከዚያ እንነጋገር።» ልጁ ወረደ፣ ሁለት ቀን አቧራ ሲበላ ከረመ፤ 61 ሆኑ። 423 ልጅ ለማግኘት ሰባት ዓመት መጠበቅ ሊኖርበት ነው፤ የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንሲ ደግሞ ሦስት ዓመት ነው። ርዕሱ ተለወጠ። ስርጭት መቁጠሩ ቀርቶ መድኃኒት ያቋረጡት ልጆች ለምን እንዳቋረጡ ወላጆቻቸውን መጠየቅ ሆነ። ከዚያች አንዲት የዳር ጽሑፍ ጥናቱም ልጁም ተገኙ።

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ረቂቅ ጎን ለጎን የማስቀምጠው ለዚህ ነው። በመጀመሪያው የታረመው ስህተት በመጨረሻውም እንዳለ ከሆነ እርማቱ አልገባም ማለት ነው፤ ወይ በማይነበብ ጽሕፈት ነበር፣ ወይ ለምን እንደሆነ አልተነገረም። ተቃራኒውም አለ፦ ረቂቁ ከአንዱ ወደ ሌላው ተአምር በሚመስል ሁኔታ ያምራል። ይህን ስታዩ አትደሰቱ። አማካሪው ቁጭ ብሎ ራሱ ጽፎት ሊሆን ይችላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ጥናቱ በኮሚቴ ፊት ሲቀርብ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። «ከስታቲስቲክስ ዘዴዎች ሎጂስቲክ ሪግሬሽንን ለምን መረጥክ?» ተብሎ ሲጠየቅ የልጁ ዓይን ወዴት ይሄዳል? ወደ ስክሪኑ ከሄደ ደህና ነው። ወደ አማካሪው ከሄደ፣ አማካሪውም ሳይጠየቅ መመለስ ከጀመረ፣ ማስታወሻ ያዙ።

ሲጠየቁ የሚሉትና የሚሉበት መንገድ

ረቂቅ የማይነግራችሁ ነገር ስላለ ሰው ማነጋገርም አይቀርም። ግን አሁን በአማካሪው ሥር ያለውን አትጠይቁ። ከተመረቀ ዓመት የሆነውን ጠይቁ፤ ደመወዙ ከሌላ ቦታ ነው፣ ፍርሃቱ በርዷል፣ ትዝታው ገና አልጠፋም። አማካሪ የቀየሩትንና ርዕሳቸውን ጥለው ሌላ የጀመሩትን በተለይ ፈልጓቸው። እነሱን ያልጠየቀ ግምገማ ከጦርነት የተመለሱትን ብቻ ቆጥሮ «ማንም አልሞተም» እንደሚል ሰው ነው። በስልክ ይሁን፣ አትቅረጹ፣ ቢሮ አትጥሩ።

ጥያቄዎቼ ጥቂት ናቸው። ስለ ጥናቱ ብቻ ለመነጋገር ሁለታችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጣችሁት መቼ ነበር፣ የት፣ ስንት ደቂቃ? (ኮሪደር ላይ ቆሞ የተወራ አይቆጠርም፤ ምንም እንኳ ግማሹ የአገራችን ምርምር የሚመራው ኮሪደር ላይ ቢሆንም።) አማካሪህን «አይ፣ በዚህ አልስማማም» ያልካቸው ጊዜ አለ? ምን መለሱልህ? መረጃ ስትሰበስብ ስህተት ሠርተህ የነገርካቸው ነገር አለ? ከማን ጋር አስተዋወቁህ? የመጨረሻው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፦ ነገ አዲስ ጥናት ብትጀምር መጀመሪያ ለማን ትደውላለህ? አንድ ጊዜ ሦስት የቀድሞ ሬዚደንቶች ይህንን ተጠይቀው ሦስቱም አማካሪያቸው ያልነበሩ አንዲት ሲኒየር ጠሩ። መዝገባችን ላይ የምታማክረው «ሁለት ሬዚደንት» ይላል፤ በተግባር የምታማክረው ስምንት ነበር፤ ትርፉን ማንም አልቆጠረላትም።

መልስ ማዳመጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እኛ ሰው ፊት ለፊት አናማም፤ ሰምና ወርቅ የወረስን ሕዝብ ነን። ስለ ምርምር ጠይቄ «በጣም ጥሩ ሰው ናቸው» የሚል መልስ ከመጣ ስለ ምርምሩ መልስ አላገኘሁም። «ሥራ ይበዛባቸዋል» ማለት አላገኘኋቸውም ማለት ነው። «እኔም ብዙ አላስቸገርኳቸውም» ከሆነ ተስፋ ቆርጦ መሄድ አቁሟል። «አባት ናቸው» የሚለው ሁለት መንገድ ይሄዳል፤ አንዳንዴ እውነተኛ ፍቅር ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ «አባት አይወቀስም» ማለት ነው። ዝም ብሎ ቆይቶ «ምን ይደረግ» ሲል መጠየቁን አቁሜ ስለ ልጆቹ አወራዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ራሱ ይመለስበታል።

ትልቁ ምስጋና ደግሞ እሮሮ መስሎ ይመጣል። «አሥራ አንድ ጊዜ ነው ያስጻፉኝ፣ እንቅልፍ ነስተውኛል!» እያለ የሚስቅ የቀድሞ ሬዚደንት ካገኛችሁ ጥሩ አማካሪ አግኝታችኋል። ሳቁን ግን ስሙት፤ ያለ ሳቅ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ግምት ብቻ እንዳይሆን ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ «ለምሳሌ?» በሉ። ምሳሌ ያልመጣለትን ወቀሳም ሆነ ምስጋና አልጽፍም።

ስም፣ ቁጥርና ያልተቆጠሩት

የደራሲ ስም ጉዳይ በአጭሩ። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት ነገር ይጠይቃል፦ በጥናቱ ሐሳብ ወይም በመረጃው ላይ ጉልህ ድርሻ፣ በመጻፉ ወይም በማረሙ መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ጽሑፍ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም አንድ ላይ ነው፤ «አንዱ ካለ» አይደለም። የሚመዘነው አማካሪ ይህን ከሬዚደንቱ ጋር መቼ ተነጋገረ? መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ከሆነ መልካም። ጽሑፉ ወደ መጽሔት ሊላክ ሲል ከሆነ ጠብ ይጠብቃችኋል። አንዲት የቀድሞ ሬዚደንት የመመረቂያ ጥናቷ መታተሙን ያወቀችው ጎግል ላይ ነው፤ ስሟ አራተኛ ነበር፤ ከፊቷ ካሉት አንዱን በአካል አይታው አታውቅም።

ስንት ጽሑፍ አሳተመ የሚለውን ቁጥር ሁሉም ይወደዋል፤ ለማውጣት ቀላል ነውና። እኔ የማየው ሌላውን ቁጥር ነው፦ ከያዛቸው ስንቱ? አሥር ይዞ ሦስት ያሳተመና ሦስት ይዞ ሦስት ያሳተመ እኩል አይደሉም። ስመ ጥር አማካሪ ደግሞ ጎበዞቹን መርጦ ይወስዳል፤ ከዚያ ጎበዝ አወጣ ይባላል። ደካማ የተባለውን ተቀብሎ ለምረቃ ያደረሰ ሰው በዚህ ሚዛን ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል። አሥር ሬዚደንት የያዘ አማካሪም ቢሆን ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ማን ሰጠው? የስታቲስቲክስ ባለሙያ በሌለበት፣ ለምርምር የተለየ ሰዓት በማይሰጥበት ቦታ አማካሪውን ብቻ መመዘን ሆዱ ያልጠገበን በሬ ለምን አላረስክም እንደማለት ነው። ሪፖርቴ ላይ የመጀመሪያው ገጽ ሁልጊዜ ስለ ትምህርት ክፍሉ ነው።

አማካሪ ጭራሽ የሌላቸውንም አትርሱ፤ ቅጹ አይደርሳቸውም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የጥናቶች ዳሰሳ እንዳሳየው መካሪ ያላቸው የሕክምና ተማሪዎች ከግማሽ በታች ነበሩ፤ በአንዳንድ የሙያ ዘርፎች ከመምህራኑም መካሪ ያላቸው ከ20 በመቶ ያነሱ ነበሩ። እኛ ጋ ሁሉም ሬዚደንት በወረቀት አማካሪ አለው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ግን በወረቀት ያለውን ነው።

ውጤቱን መንገር

በአንድ አማካሪ ሥር ከአምስት ያነሱ ሰዎች ካሉ ቁጥር አታውጡ፤ የሦስት ዓመት እስኪጠራቀም ጠብቁ። የሰው ቃል ቃል በቃል አትጥቀሱ፤ ክፍሉ ትንሽ ነው፣ አነጋገሩ ይታወቃል። የእጅ ጽሑፍ ያለበት ቅጽ ደግሞ ዳግመኛ አላድልም። አማካሪው ፊት ይዛችሁ የምትቀርቡት በአብዛኛው ከራሱ ረቂቆች የወጣ ይሁን፤ ያ የማንም ሐሜት አይደለም። ረቂቆቹም ቢያንስ ከአምስት ሬዚደንቶች ተቀላቅለው ይምጡ።

ከሁሉ የከበደኝ እኔን ራሴን ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር ዘንድ መሄድ ነበር። ቢሮ አልሄድኩም፤ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ቡና የምታፈላ ሴት አለች፣ እዚያ ተቀመጥን። አንድ ገጽ ሰጠኋቸው። ላይኛው መስመር፦ 14 ረቂቆች፣ መሐል ላይ የዋለው 33 ቀን። ከሥሩ፦ ከእርማቶቹ ሰባ በመቶው ቋንቋ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«ይህንን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም ፕሮፌሰር። የራስዎ ረቂቆች ናቸው፣ ቀኑን እርስዎ ነዎት የጻፉበት።»

ዝም አሉ። ስኒያቸውን አዞሩት። ቆይተው «የማርመው ቅዳሜ ነው» አሉ። «ቅዳሜ ግን ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ማኅበር አለ። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይቆያል፤ የሚቀጥለውም እንደዚያው ነው።» ስለ ቋንቋው ምንም አላሉም፤ እኔም አልገፋሁም፤ በአንድ ቡና አንድ ነገር ይበቃል። የሥራ ፕሮግራማቸውን አብረን አየነው፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ የላቸውም። ረቡዕ 8 ሰዓት ብለን ጻፍን፤ ለሬዚደንቶቹም እስከ ማክሰኞ ማታ ያልደረሰ ረቂቅ ለሚቀጥለው ረቡዕ እንደሚያድር ተነገራቸው።

ሂሳብ ልከፍል ስነሳ ወረቀቱን እንደያዙ «የአንቺስ?» አሉኝ።

የራሴን ገጽ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። 41 የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ለጥቂት ጊዜ ቆዩ።

«ከእኔ ትብሻለሽ» ብለው ሁለተኛ ቡና አዘዙ።